የታሰረው ግራ እጅ

ባለፈው እሑድ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ባለ ምግብ ቤት ምሳ ስበላ፣ ከአጠገቤ አንዲት ወጣት አባቷን ታጎርሳለች። የአዛውንቱ ቀኝ እጅ ጭናቸው ላይ ተጋድሟል፤ ጣቶቹ ግን ይላወሳሉ። ምሳዬን ትቼ ጣቶቹን ማየት ጀመርኩ።

እማዬን ስትሮክ የመታት ሰፈራችን ቡልቡላ ገና ጤፍ በሚዘራበት ዘመን፣ በክረምት ነበር። እኔ ዘግይቼ የጀመርኩትን ትምህርት ማታ ማታ እማራለሁ። ታክሲ በጭቃው ስለማይገባ እስከ አስፋልቱ ደግፌ አወጣትና ሐኪም ቤት እንሄዳለን። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ፣ የእማዬ ቀኝ እጅ ጥቂት ስለሚንቀሳቀስ ካልሠራ ጭራሽ እንደሚሰንፍ ነገረችን። ስትበላ ግራውን በሻርፕ አስሬ ቀኙን እንዳሠራው አሳየችኝ። እኔ ደግሞ ከታዘዝኩት ዝንፍ አልልም።

ችግሩ ጠያቂ ነበር። ዘመድ ምግብ ይዞ ይመጣል፤ ካላጎረሳት የጠየቃት አይመስለውም። ፍቅራቸው እጇን ሥራ አስፈታው።

አንድ ቀን ቅቅል ድንች አቅርቤ ግራ እጇን ሳስር፣ ታላቅ እህቷ እትዬ ዘነበች ደረሱ። ነጠላቸውን ሳያወልቁ ቆመው አዩኝ።

«ማታ ማታ የምትሄጂው ይኼን ልትማሪ ነው? እናት ማሰር?»

ድንቹን ሚጥሚጣ አስነክተው ወደ እማዬ አፍ አስጠጉ። እማዬ ከንፈሯን ገጠመች። በእኛ ቤት የታላቅን ጉርሻ መመለስ ከስድብ ይቆጠራል። የእትዬ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«አጥብቂው» አለችኝ እማዬ በተኮላተፈ አንደበቷ። ከዚያ ወደ እህቷ ዞረች። «እስክሞት ልታጎርሺኝ ነው?»

በቀኝ እጇ ድንች ይዛ ሚጥሚጣ አስነካች፤ ከጣቶቿ ወደቀ፤ አነሳችው። ደግሞ ወደቀ። አፏን ስቶ ጉንጯን አገኘ። እትዬ ማየት አቅቷቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ እኔም እንዳልረዳት እጆቼን ጭኔ ሥር ቀበርኩ። ሚጥሚጣው አገጯን አቅልቶ፣ ድንቹ ቀዝቅዞ፣ በመጨረሻ ገባ። እያኘከች ሁለታችንንም ገላመጠችን።

ለፋሲካ እማዬ በዚያው በቀኝ እጇ ጉርሻ ጠቅልላ ለእትዬ ዘረጋች። ግማሹ ቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰ። እትዬ አልቀደሟትም፤ አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ።

«ከእስረኛዋ እጅ ጉረሺ» አለቻቸው።

የማላውቀውን ሰው የማላናግር ሴት ነኝ። ባለፈው እሑድ ግን ተነሥቼ አባቷን ወደምታጎርሰው ልጅ ሄድኩ።

«እጃቸው ይላወሳል። እስቲ ራሳቸው እስኪጎርሱ ጠብቂያቸው።»

«ሰው ፊት ልብሱ ላይ ቢፈስበትስ፣ ማዘር?»

«ይፍሰስ። ልብስ ይታጠባል።»

ገረመመችኝ። አባቷ ግን ቀኝ እጃቸውን ከጭናቸው አንሥተው የገበታው ጠርዝ ላይ አሳረፉት። ልጅቷ የጠቀለለችውን ጉርሻ ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው።