ለካሰች የደረሰው ዘሌዋውያን

ደርግ ጸሎት ቤቱን ዘግቶ የቀበሌ አዳራሽ ሲያደርገው ምእመናኑ በየቤቱ ተበታተኑ። ሐዋሳ ምሥራቅ ሰፈር ተደብቀው ለሚሰበሰቡት አሥራ አንድ ሰዎች የተረፋቸው አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ነበር። ሽማግሌው ጋሽ ደበሌ በጣልያን ጊዜም ወላይታ ውስጥ የተረፍነው ቃሉን በልባችን ይዘን ነው ብለው የመጽሐፉን ጥራዝ ፈቱና ዕጣ አወጡ። እያንዳንዱ የደረሰውን ክፍል በቃሉ ሊያጠና ነው።

ለካሰች ዘሌዋውያን ደረሳት። ለጓደኛዋ ለታቢታ መዝሙረ ዳዊት።

ካሰች እዚያው ሐዋሳ ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ታቢታ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ትሸጣለች። አብረው የተጠመቁ የልብ ጓደኞች ናቸው። ከዚያ ዕጣ ወዲህ ግን የካሰች አንጀት አረረ። እሷ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ስለ ፍየል ሞራና ኩላሊት፣ ልብስ ላይ ስለሚወጣ ለምጽ ታጠናለች፤ ተራዋ ሲደርስ ሰዉ ያዛጋል። ታቢታ አፏን ስትከፍት ግን ጋሽ ደበሌ ሳይቀሩ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። እግዜርም ያዳላል እንዴ ብላ ጸሎቷ ላይ ሳይቀር አኮረፈች።

ቅናት ደግሞ ሥራ አይፈታም። ካሰች ላስጠናሽ እያለች የታቢታን ገጾች ይዛ መቀመጥ ጀመረች፤ ነገሩ ስሕተት ለቀማ ነው። ጉባኤ ላይ ታቢታ አንዲት ቃል ከሳተች በሰው ፊት ታርማታለች። ታቢታ ተባረኪ ትላታለች፤ ይሄ ደግሞ ይብስ ያበግናታል።

በሁለተኛው ዓመት ታቢታ ታሰረች፤ ገጾቹም ከጓዳዋ ተገኝተው ተወሰዱ። በቀጣዩ እሑድ ጋሽ ደበሌ ዳዊትን በቃሉ የያዘ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ሁሉም አቀረቀረ። ካሰች ቀስ ብላ ተነሣችና ስለ እረኛው የሚለውን መዝሙር በቃሏ አለችው፤ ቀጥላ ሌላውን፣ ደግሞ ሌላውን። ሰዉ አለቀሰ። ይህን ቀን ስንት ጊዜ ተመኝታው ነበር! ስትጨርስ ግን ሁሉም ተንበርክከው ስለ ታቢታ ጸለዩ፤ የካሰችን ስም ያነሣ አልነበረም። ካሰች በእስሯም ቀናችባት። ያን ዕለት ራሷን ፈራች።

ከስምንት ወር በኋላ ታቢታ ከስታና ጠቁራ ተፈታች። ብቻቸውን ሲሆኑ ካሰች ሁሉንም ዘረገፈችላት፤ ያስጠናቻት ልታሳፍራት እንደነበር፣ እስር ቤት ሳለች እንኳ እንደቀናችባት አልደበቀችም።

ታቢታ እጇን ያዘቻት።

«አውቅ ነበር» አለች። «ስለዚህ ነው ገጾቹን ሲወስዱብኝ ዳዊት ጠፋ ብዬ ያልፈራሁት። ሌላ ሰው ቢሆን ስሳሳት አዝኖልኝ ያልፈኝ ነበር፤ አንቺ አንዲት ቃል አላለፍሽኝም። አሁንም አትለፊኝ፤ ስምንት ወር ብዙ አስረስቶኛል።»