ከአባቴ ጋር ጦሳን ስንወጣ

አባቴ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። አምና ልቡን አመመውና ሐኪሙ ዝቅ ያለ አገር ወርደህ ኑር አለው። ለደሴ ሰው ዝቅ ያለ አገር ማለት የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ነው፤ ኮምቦልቻ ያለሁት ደግሞ እኔ ነኝ። አብሬህ ልኑር ሊለኝ ፈልጎ ኖሯል። እኔ ግን ጦሳን በወጣንበት ቅዳሜ ስለ ልቡም ሆነ ስለ ሐኪሙ የማውቀው ነገር አልነበረም።

ለመጠየቅ የፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ አንድ ቦታ መርጋት የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ሆኜ ኮምቦልቻ ከገባሁ በሁለት ዓመት ሦስት ቤት ቀይሬያለሁ፤ አንዱን ውሻው ስለሚጮህ፣ አንዱን አከራይዋ ወሬ ስለምታበዛ፣ ሦስተኛውን ለምን እንደለቀቅሁ እንኳ አላስታውስም። ያን ሰሞን ደግሞ ሐዋሳ ላለ ፋብሪካ ማመልከቻ አስገብቼ ለማንም ሳልናገር መልስ እጠብቅ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ደሴ አባቴ ቤት ቁርስ ቀርቧል። አባቴ እንደ ወትሮው ረዘም አድርጎ ጸለየና ዓይኑን ሲገልጥ፣ «ዛሬ ጦሳን አብረን እንውጣ» አለኝ። ተራራው ደጃችን ላይ ነው፤ አብረን ከወጣነው ግን ዓመታት አልፈዋል። እሺ አልኩት።

ወደ ጦሳ እኛ የምናውቃቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንዱ ለመኪና የተጠረገው ነው፤ ተራራውን እየዞረ፣ እየተለጠጠ ይወጣል። ሌላው በባሕር ዛፉ መሃል ቀጥ የሚል አቋራጭ ነው፤ የረገፈው ቅጠል እያንሸራተተ ሰውን በአራት እግሩ ያስኬዳል። አባቴ ጥርጊያውን መረጠ። የሚያስቸኩል ጉዳይ አልነበረኝም፣ ግን አሥር እርምጃ እቀድምና ቆሜ እጠብቀዋለሁ፤ ሲደርስብኝ ደግሞ እሄዳለሁ።

የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ቆመና ድንጋይ አነሳ። «ይኼ ጥቁሩ ቀልጦ የፈሰሰ ነው። የኖራ ድንጋዩ ከዚህ ሁሉ ሥር ነው፤ ዓባይ በረሃ ስትወርድ ነው የምታገኘው። አየህ፣ አንዳንዱ ነገር ዝቅ ሳትል አይገኝም።»

«አባዬ፣ ዘጠነኛ ክፍል አስተምረኸኛል እኮ!»

ሳቅ አለ። ሁለተኛው ኩርባ ላይ እንደገና ቆመ። «ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ወጣት ሳለህ አይታወቅህም። ደሴና ኮምቦልቻ እንዲህ ጎረቤት ሆነው አየራቸው አንድ አይደለም። በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ኮምቦልቻ...»

«ኮምቦልቻ? ሙቀትና አቧራ ነው፤ ማን ይኖርበታል!» አልኩት። ዛሬም ሳስበው ምላሴን መንከስ ያምረኛል።

ድንጋዩን ጎንበስ ብሎ መንገዱ ዳር አስቀመጠው። እኔም «ጫፍ ደርሼ ልምጣ፤ አንተ ቀስ እያልክ ና» ብዬው ወደ አቋራጩ ታጠፍኩ።

ከላይ ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መሃል ተጣብባ፣ ቆርቆሮዋ ብቻ ይታያል። በወዲያኛው በኩል የገራዶን ሸለቆ ፈልጌ አየሁ። ምን ለማየት እንደሮጥኩ አላውቅም። ላቤ ሳይደርቅ ተመለስኩ።

አባቴ ትቼው ከሄድኩበት ብዙም ፈቀቅ አላለም። ሣር ሲያጭዱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አንጥፈውለት ተቀምጠው ያወራሉ። የአባቴ ከንፈር ጠቁሯል።

«ልጃቸው አንተ ነህ?» አሉኝ ሽማግሌው። «መምህሩን ልባቸውን አሟቸው፣ ሐኪሙ ኮምቦልቻ ይውረዱ ብሏቸዋል። አብሽሩ፣ ልጅ አለልዎ አይደል ወይ ስላቸው፣ አልነገርኩትም ይሉኛል። ኧረ በአላህ! ሥጋው ሳይሰማ እኔ መንገደኛው ልስማው?»

አባቴ እግር ሥር ቁጭ አልኩ። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ከታች ጀምሬ ስነግርህ ነው የመጣሁት» አለኝ።

ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለቱም ኩርባዎች ላይ የተናገረው ሁሉ አንድ በአንድ መጣብኝ፤ አፈርኩ፣ ሽማግሌውን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

«ነገ እንውረድ። ክፍሌ ጠባብ ናት ግን አልጋውን ላንተ እለቃለሁ» አልኩት ጥድፍ ብዬ።

«ስለ ክፍሉ አይደለም» አለ። «አንተ ራስህ እዚያ ትቆያለህ ወይ?»

«እቆያለሁ።»

«አትቸኩል። አስበህ ንገረኝ።»

ሽማግሌው በብብቱ ይዘው አስነሱት። በጥርጊያው ስንወርድ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርን። በየኩርባው ይቆማል፤ አብሬው እቆማለሁ። አንድም ነገር አላስተማረኝም።

አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ስለ ሐዋሳው ማመልከቻ ነገርኩት። ፊቱ ሲጨልም አየሁ። «የነገርኩህ ልሄድ አይደለም» አልኩት፤ «ነገ እግሬ ቢነሳ ያዘኝ ብዬ ነው።»

አባቴ ደክሞት ነበር፤ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለና ክብደቱን ለቀቀብኝ። ባዶ ባጃጅ እስክናገኝ ድረስ ንቅንቅ ሳልል ቆምኩለት።