ላስቲኩ ያልተላጠለት ኮምፒውተር

ሱሉልታ ውስጥ አይሲቲ ሳስተምር አራት ዓመት ሙሉ «ሰርቪስ ፓክ ማለት የተጠራቀሙ አፕዴቶች ማለት ነው» ብዬ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ልጆቹን አስሸምድጃለሁ። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ አንቺ ግን አይተሽው ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። «ዝም ብለሽ ጻፊ» አልኳት። አላየሁትማ! አፈርኩ፤ እያደር ግን እፍረቱ ንዴት ሆነብኝ።

ኮምፒውተር ጠፍቶ እኮ አይደለም። ከመማሪያ ክፍላችን አጠገብ፣ በቁልፍ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ጨርቅ ለብሰው ተደርድረዋል። በእርዳታ ከመጡ ጀምሮ የስክሪናቸው ላስቲክ እንኳን አልተላጠም። እኛ ዘንድ ንብረት ሲበላሽ የሚጠየቀው የነካው ሰው ነው። ስለዚህ ማንም አይነካም።

ቅዳሜ አዲሱ ገበያ ወርጄ ከአንድ ኢንተርኔት ቤት ሰርቪስ ፓኩን በፍላሽ አስጫንኩ። ሰኞ ንብረት ክፍል ሄጄ ቁልፉን ጠየቅኩ። ኃላፊው ጡረታቸው የደረሰ ሽማግሌ ናቸው።

«ህንተኡ!» አሉኝ፤ አይሆንም ማለታቸው ነው። «ልጄ፣ ነገር አትፈልጊ። ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ ምን በደለሽ?»

«መቀመጡ ነዋ የበደለኝ ጋሼ! ልጆቹንም በድሏቸዋል።»

በራቸው ላይ ተገትሬ ቀረሁ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያሉ፣ አንድ ነገር ቢበላሽ ተጠያቂዋ እኔ እንደሆንኩ አስፈርመው ቁልፉን ሰጡኝ። የመጣው ይምጣ ብዬ ፈረምኩ።

ክፍሉን ከፍቼ ልጆቹን ሰበሰብኩና የአንዱን ኮምፒውተር ላስቲክ ላጥኩ። «ጣሪያችሁ ሲያፈስ ዛሬ አንዷን ቀዳዳ፣ ነገ ሌላዋን ትደፍናላችሁ አይደል? አፕዴት እሱ ነው። ሰርቪስ ፓክ ደግሞ ክረምት ሳይገባ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ያሉትን ቀዳዳዎች ሁሉ ባንዴ መድፈን ነው» አልኳቸው። ፍላሹን ሰክቼ መጫን ስጀምር «ኮምፒውተሩን እንዳታጠፉ» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ መጣ። የኛን መብራት የሚያውቅ ሰው ያን አንብቦ እንዴት ልቡ አይርድ! መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ማሽኑ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ሲል አንዷ አማተበች፤ እኔም በልቤ አማተብኩ። ከዚያ ስክሪኑ ድርግም አለ።

«ወይኔ ቲቸር!»

ለካ ራሱን አጥፍቶ ሊነሳ ኖሯል። ተነሳ። ያቺ የጠየቀችኝ ልጅ ማውዙን ከእጄ ተቀብላ ስለ ኮምፒውተሩ የሚገልጸውን ገጽ ከፈተችና «ሰርቪስ ፓክ አንድ!» ብላ ጮክ አድርጋ አነበበች። እልልታው ግቢውን አናወጠው።

ርዕሰ መምህሩን የጠራቸውም ያው እልልታ ነው። ቢሮ ስገባ የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ተጽፎ ጠበቀኝ።

«ቢበላሽ ልጠየቅ ብዬ ፈርሜያለሁ፤ አልተበላሸም። ታዲያ በምን ልጠየቅ?» አልኳቸው።

«በመንካትሽ! ሁለተኛ አልነካም ብለሽ እዚህ ጋ ፈርሚ። አለዚያ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ይከተላል። ሦስተኛው ስንብት ነው፤ ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። እናቴን የማስተዳድረው በዚሁ ደሞዝ ነው፤ ሌላ ገቢ የለኝም። እስክሪብቶውን አነሳሁ። ሳልፈርም ጠረጴዛው ላይ መለስኩት።

«እንግዲያው ሁለተኛውንም አሁኑኑ ይጻፉልኝ» አልኳቸው፤ «ነገ ጠዋት ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ እጭናለሁ።»