በስሜ የነበረችው መኪና

የ2006 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ ጅዳ ውስጥ ብዙ ዓመት በኢንጂነርነት ያገለገልኩበት ድርጅት ውሌን እንደማያድስ ነገረኝ። ባለቤቴና ልጆቼ ክረምቱን አዲስ አበባ ገብተው ትምህርት ጀምረው ስለነበር ቤቱ ባዶ ሆኗል። የቀረነው እኔ፣ አንድ ፍራሽና አሮጌዋ መኪናዬ ነበርን።

በዚያ አገር ጠቅልሎ የሚወጣ ሰው በስሙ የተመዘገበ መኪና ካለው የመውጫ ቪዛ አያገኝም። ወይ ይሸጣታል፣ ወይ በሌላ ሰው ስም ያዛውራታል። የመኪናዋ ነገር ሳይቆረጥ የእኔም መንገድ አይቆረጥም ነበር።

ነጭ ነበረች። ፀሐይ የጣሪያዋን ቀለም ልጦታል፣ የባሕሩ ጨው በሮቿን ከሥር በልቷቸዋል። ሞተሯ ግን አንድም ቀን መንገድ ላይ አላስቀረኝም። ልጆቼን ሁለቱንም ከተወለዱበት ሆስፒታል ወደ ቤት ያመጣኋቸው በእሷ ነው።

ከእኔ ሌላ የሚነዳት ሰው ቢኖር ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ይኖሩ የነበሩት ወሎዬ ጎረቤቴ ነበሩ። ሁላችንም ሐጂ እያልን ነው የምንጠራቸው። መካ ውስጥ ጀርወል በሚባለው ሰፈር በአንድ ሆቴል የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ሳምንቱን እዚያው ያድሩና ለዕረፍታቸው ጅዳ ይመጣሉ። እናታቸው ከኮምቦልቻ ለዑምራ በመጡበት ረመዳን መኪናዋን ሰጥቻቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሲያስፈልጋቸው ቁልፉን ይወስዳሉ። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ ወደ መካ መግባት አይፈቀድልኝም። መንገዱ ላይ «ለሙስሊሞች ብቻ» የሚለው ሰሌዳ ጋ ስደርስ ወደ ጎን እታጠፋለሁ። እናም መኪናዬ እኔ አይቼው የማላውቀውን ከተማ ጓዳ ጎድጓዳውን ታውቀዋለች።

አንድ ሱዳናዊ የሥራ ባልደረባዬ ሊገዛት በደህና ዋጋ ተስማማን። ባለቤቴም በስልክ ደስ አላት። አዲስ አበባ የጀመርነው ቤት የውጭ በር ስላልነበረው በጭራሮ ዘግታ ነው የምታድረው፤ የመኪናዋ ገንዘብ እንደመጣ የብረት በር ልታሠራ አስባለች። ለሱዳናዊው ቃሌን ሰጠሁና ፊርማውን ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠርን።

በዚህ መሀል ጥቅምት ሳያልቅ፣ ወረቀት የሌላቸው የውጭ አገር ሠራተኞች እንዲያስተካክሉ ወይም እንዲወጡ መንግሥት የሰጠው የምሕረት ጊዜ አለቀ። የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማ፣ የሌለው፣ ወይም ካስመጣው አሠሪ፣ ከ«ከፊሉ» ቤት ወጥቶ ሌላ ቦታ የሚሠራ ሁሉ ይያዛል ተባለ። በማግስቱ ከተማው ሌላ ሆኖ አደረ። ወደ አሮጌው ገበያ ወደ አል-ባላድ ሄድኩ፤ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡልን ሴቶች የሚቀመጡበት ጠባብ መንገድ ላይ ሰው አልነበረም፣ አንድ የተገለበጠ ካርቶን ብቻ። ፀጉሬን የሚያስተካክለኝ ልጅ ሱቁን ዘግቶ የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። የየመኖቹ ዳቦ ቤትም አልተከፈተም። ከሪያድ የሚሰማው ደግሞ የባሰ ነበር፤ ሰው ተደበደበ፣ ሰው ሞተ ይባላል። እኔ ወረቀቴ ደህና ሆኖ እንኳ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር እጄ ወደ ኪሴ ይሄድ ነበር።

ሐጂ የመጡት ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። እንደ ወትሮው አልተቀመጡም፤ በሩ ላይ እንደቆሙ ጠየቁኝ።

«ኢንጂነር፣ መኪናዋን ሸጥካት?»

«ቃል ሰጥቻለሁ፤ ገና አልተፈራረምንም።»

«እንግዲያው ለእኔ ሽጥልኝ።»

አስገብቼ ፍራሹ ላይ አስቀመጥኳቸውና ነገሩን አጫወቱኝ። መካ፣ ዓዚዚያ ሰፈር ውስጥ፣ ለሐጅ የሚከራይ አንድ ሕንፃ አለ። ሐጃጆቹ ሲያርፉበት ክፍሎቹን ሲያጸዱ የከረሙ የእኛ አገር ሴቶች ምድር ቤቱ ውስጥ ተደብቀዋል። ወረቀት የላቸውም። የሕንፃው ባለቤት እስካሁን ችሏቸው ነበር፤ አሁን ቅጣቱን ፈርቶ ውጡልኝ ብሏል። እነሱም ወጥተው እጃቸውን ሰጥተው አገራቸው መግባት ነው የሚፈልጉት። ግን ታክሲ አይጭናቸውም፤ በእግር እንዳይሄዱ ደግሞ የሰፈሩ ጎረምሶች እየጠበቁ ይደበድባሉ። ከመሀላቸው አንዷ እዚያው ምድር ቤት ውስጥ ወልዳለች፤ ትኩሳት ይዟታል። ሐጂ ከጀርወል በእግራቸው እየሄዱ ዳቦና ወተት ያደርሱላቸው ነበር።

«ታዲያ መግዛት ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው። «ቁልፉ ያው ነው፤ እንደ በፊቱ ይውሰዷት።»

«አይሆንም» አሉ። «ወረቀት የሌለው ሰው ጭኖ የተያዘ እንደሆነ መጀመሪያ የሚጠይቁት መኪናዋ የማን ናት ብለው ነው። አንተ ሂያጅ ሰው ነህ፣ ልጆችህ ይጠብቁሃል። በስሜ ትሁንና የምጠየቀውም እኔ ልሁን። ገንዘቡን ቀስ እያልኩ እልክልሃለሁ።»

ላስብበት ብዬ ሸኘኋቸው። ከሄዱ በኋላ ግን ማሰቡ ከበደኝ። የመጀመሪያው ሐሳቤ የቤታችን በር ነበር፤ ልዋሽ አልችልም። ቀጥሎ የመጣብኝ ግን የባሰ ነው። ሐጂ ሚስትና አራት ልጆች አሏቸው። ልጆቹ እዚያው የተወለዱ ናቸው፣ እርስ በርስ የሚያወሩት በዐረብኛ ነው። መኪናዋን ለሱዳናዊው ብሸጣት ምናልባት ሐጂ እቤታቸው ይቀመጣሉ። ለእሳቸው ብሰጣት ደግሞ ከነአደጋዋ ነው የምሰጣቸው። እኔ በሳምንት በአሥራ አምስት ቀን አውሮፕላን ላይ ነኝ፤ ቸርነቱ በስሜ ይጻፋል፣ መዘዙ ግን ለእሳቸው ይተርፋል። ራሴ ነድቼ እንዳላመጣቸው የሰሌዳው ነገር አለ። ክርስቲያን ሆኜ መካ ውስጥ ብያዝ ሴቶቹንም ጨምሬ ነው የማጠፋው።

ለባለቤቴ ደወልኩ። ስለ ሐጂ ጥያቄ ስጀምርላት ቅር አላት፤ ለሰው ቃል ከሰጠህ በኋላ ምን ታመነታለህ አለችኝ። የሴቶቹን ነገር ግን እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«አራሷን ማነው የሚያርሳት?» አለች።

«ማንም የለ። እነዚያው ሴቶች ናቸው።»

እሷም ሁለቱን ልጆቻችንን የወለደችው እናቷ በሌለችበት ጅዳ ነው። በኋላ፣ «በሩ ይቆይ» አለችኝ። «ከእሳቸው ገንዘብ እንዳትቀበል፤ ስጣቸው። ግን መጀመሪያ ሚስታቸውን ጠይቃቸው። ነገ የሚያለቅሱት እሳቸው ናቸው።»

ይህ ለእኔ አልታየኝም ነበር። በማግስቱ ሐጂ መካ ሳሉ ወደ ታች ወርጄ ባለቤታቸውን አነጋገርኩ። ሩዝ እየለቀሙ ነበር፤ እጃቸውን ሳያቆሙ ሰሙኝና እንዲህ አሉኝ፦

«ስጣቸው ብዬ አልለምንህም፣ አትስጣቸው ብዬም አልይዝህ። እሳቸው እንደሆነ ጀምረውታል። እኔን የሚያስፈራኝ በእግራቸው ሲሄዱ ነው። መኪና ውስጥ ቢሆኑ ቢያንስ ድንጋይ አያገኛቸውም።»

ለሱዳናዊው ሄጄ ቃሌን ማጠፌን ነገርኩት። ለማን እንደምሰጣትና ለምን እንደሆነ ሲሰማ አልተቆጣም። ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ «ለወዳጅህ የሰጠኸው እሳት ነው፤ አላህ ይጠብቀው» አለኝ በዐረብኛ።

ሐጂ ግን በነፃ አልቀበልም ብለው አስቸገሩኝ። ትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመን ተከራከርን። ሰደቃ ለደካማ ነው፣ እኔ እጅ እግሬ ደህና ነው፣ ደመወዝም አለኝ አሉ።

«ለእርስዎ መቼ ሰጠሁ?» አልኳቸው። «የሰጠሁት ለሴቶቹ ነው። እርስዎ ሹፌር ነዎት።»

መሬት መሬቱን አዩ። «እንግዲያስ ኸይር» አሉና ቀድመውኝ ገቡ። ስሜ ከመኪናዋ ላይ ወርዶ የእሳቸው እስኪገባ ብዙም አልቆየንም።

የዚያኑ ሳምንት ዐርብ፣ ሰው ሁሉ ወደ መስጊድ በሚሄድበት ሰዓት፣ ሐጂ አራሷንና አንዲት ጓደኛዋን ይዘው መጡ። የሐጂ ቤት በልጆች የተሞላ ስለሆነ እኔ ጋ አወጣናቸው፤ ፍራሹን ለቀቅኩላቸው። አራሷ ገና ልጅ እግር ናት። ዐባያዋ ከላይዋ ላይ ሰፍቷት ትከሻዋን መያዝ አልቻለም። ሕፃኑን በሆቴል ፎጣ ጠቅልላዋለች። የሐጂ ባለቤት አጥሚት ሠርተው አመጡ፤ እኛ ሕንፃ የምትኖር ነርስ የአገራችን ልጅ መጥታ አይታ መድኃኒት ሰጠቻት። እኔ ውሃ ከማቅረብ በቀር የምሠራው ስላልነበረኝ በር በሩ ላይ እቆማለሁ።

ትኩሳቱ ትንሽ በረድ ሲልላት አንገቴ ላይ ያለውን ክር አየችና፣ «ክርስቲያን ነዎት እንዴ?» አለችኝ ዝግ ባለ ድምፅ።

«አዎ።»

«እኔም ነኝ። ደላላው ነው በሙስሊም ስም ፓስፖርት ያወጣልኝ።» ከዚያ ወደ ሐጂ ባለቤት ዞር አለች። «እሳቸውም ሐጂም ያውቃሉ። ነግሬያቸዋለሁ።»

የሐጂ ባለቤት አጥሚቱን ማማሰል አላቋረጡም። «ጠጪ» አሏት፣ «ሳይቀዘቅዝ።»

ጉልበቷ ሲመለስላት ወደ አገራቸው የሚሳፈሩት ሰዎች ወደሚሰበሰቡበት መጠለያ ወሰድናቸው። መጠለያው በመካ መንገድ ላይ፣ ከሰሌዳው ወዲህ ስለሆነ እኔም ከሐጂ ጎን ተቀምጬ ሄድኩ። በሩ ላይ ሻንጣ፣ ብርድ ልብስ፣ የሕፃን ልቅሶ፤ ሰው በሰው ላይ ነበር። ወታደሩ አራሷን አይቶ ምንም ሳይጠይቅ በእጁ ግቢ ብሎ አሳየ። ሕፃኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ ገባች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም ነበር፤ ሐጂም እንዲሁ። ተመልሰን ጅዳ ስንደርስ ሐጂ፣ «የቀሩትን ደግሞ ቀስ ብለን» አሉ።

እኔ ከዚያ ብዙም ሳልቆይ ወጣሁ። ሐጂ የቀሩትን ሴቶች እየመላለሱ እንደሆነ በስልክ እሰማ ነበር። ከዓዚዚያው ምድር ቤት አልፎ ሌላ ሰፈር የተደበቁም ስማቸውን ሰምተው ሊፈልጓቸው ጀምረዋል። ይብቃዎት አልኳቸው አንድ ጊዜ። «አብሽር፣ ትንሽ ናቸው የቀሩት» አሉኝ።

ጥር ላይ ባለቤታቸው ደወሉ። ሐጂ ሁለት ሴቶች ጭነው ከመካ ሲወጡ ፍተሻ ላይ ተይዘዋል። መኪናዋ ተወርሳለች። ሆቴሉም አሰናብቷቸዋል። ታስረው ቆይተው ፋሲካ ሳይደርስ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ቤተሰቡም ዕቃውን ጥሎ ተከተላቸው።

ኮምቦልቻ ድረስ ሄጄ ጠየቅኳቸው። እናታቸው ቤት ነው ያረፉት። ከስተዋል፣ ጢማቸው ነጥቷል። አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ መኪናዋን ለሱዳናዊው ሸጫት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቤትዎ ነበሩ፣ ይቅር ይበሉኝ ልላቸው። ገና ስጀምር አስቆሙኝ።

«አንተ ባትሰጠኝ ከሌላ ሰው እከራይ ነበር» አሉ። «ይህን ያህል ራስህን ከፍ አታድርግ። ያደረግኩትን ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

አፈርኩ፤ ግን ቀለል አለኝ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«የሚያንገበግበኝ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። እኔን አምነው ነው የተሳፈሩት። እኔን ወዲህ፣ እነሱን ወዲያ ወሰዷቸው። አገራቸው ይግቡ አይግቡ አላህ ነው የሚያውቀው።»

ምሳ በላን። ልጆቹ በዐረብኛ እየተንሾካሾኩ እኔን ያዩኛል። ትልቋ ፊደል ስለማታውቅ ከታናናሾቿ ጋር አንደኛ ክፍል መግባቷን እናትየው ነገሩኝ።

ልሄድ ስነሣ የሐጂ ባለቤት እስከ ደጅ ሸኙኝ። ሐጂ ገና ጫማቸውን እያደረጉ ነበር።

«እኔ እንደ እሳቸው አይደለሁም» አሉኝ። «አንዳንድ ቀን ይቆጨኛል። ቤቴ ይናፍቀኛል፤ ልጆቼን ሳይ ይቆጨኛል። ከዚያ ያቺ አራስ ትዝ ትለኝና ደግሞ እተወዋለሁ። በማግስቱ እንደገና ይመጣል።»

ቆሜ ሰማኋቸው። ሐጂ ወጡና እንቢ እያልኳቸው ቦርሳዬን ከእጄ ወሰዱ፤ አብረን ወደ መናኸሪያው ወረድን።