የእትዬ ውባለም እሑድ

ባለፈው ሰሞን ስልኬን ላሠራ ባሕር ዳር አንድ ጥገና ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ተራዬን ስጠብቅ ጠጋኙ ልጅ የአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሆድ ከፈተና እፍ አለበት። የወጣው አቧራ የሞቀ ብረትና የሩዝ እብቅ ሸተተኝ። እብቁ የሸተተው ለእኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ወረታ ላደገ ሰው አቧራ ሁሉ እብቅ እብቅ ይለዋል። አዝመራው ገብቶ የሩዝ መፈልፈያው መጮኽ ሲጀምር ብናኙ አልጋ አይል፣ ወጥ አይል፣ የቴሌቪዥን ጀርባ አይል፣ የማይገባበት አልነበረም። እዚያው ቆሜ እትዬ ውባለም ትዝ አሉኝና ዓይኔ እንባ ሞላ። ልጁ "አቧራው ነው እናት ዓለም፣ ፈቀቅ በይ" አለኝ። እሺ ብዬ ፈቀቅ አልኩ።

እትዬ ውባለም ጎረቤታችን ነበሩ። ቤታችን ከደብረ ታቦር መገንጠያ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው፤ የእሳቸውን ግቢና የእኛን የሚለየው ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ቅንጭብ የሆነ አጥር ነበር። ገበያ ላይ ሩዝ ይነግዳሉ። ቁመታቸው እንደ ማንም ነው፣ ድምፃቸው ግን ሌላ ነው፤ እሳቸው ቤታቸው ሆነው ሲያስነጥሱ እኛ ቤት "ይማርዎ" እንል ነበር። ባለቤታቸው ጋሽ ሙሉ ደግሞ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ወፍራም መነጽር የሚያደርጉ፣ ቃል በልመና የሚወጣቸው ሰው ነበሩ። ልጅ አልወለዱም። ጋሽ ሙሉ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉበት ኮምፒውተር ገዝተው በስልካቸው መስመር ኢንተርኔት ሲያስገቡ፣ እትዬ ውባለም ለዚያ ቦርጫም ስክሪን ነጭ ዳንቴል ሠርተው አለበሱት። ሥራ ሲያልቅ ይሸፈናል፣ ሥራ ሲጀመር እንደ ሙሽራ ይገለጣል።

የእኛን ቤት ከዚያ ኮምፒውተር ጋር ያገናኘው ወንድሜ ብሩክ ነው። ብሩክ ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም። ወረታ ውስጥ እሱን የሚያስተምር ስላልተገኘ አዲስ አበባ አክስታችን ዘንድ ሆኖ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ገባ። ሲሄድ ገና ስምንት ዓመቱ ነበር፣ እኔ አሥራ ሁለት። ሌላ ሰው ልጁ ሲናፍቀው ስልክ ይደውላል፤ እናቴ ምን ብላ ትደውል? አክስቴ ስልኩን ጆሮው ላይ ስታደርግለት ፈገግ ብሎ ስልኩን መልሶ ይሰጣታል አሉ። እናቴ ይህን የሰማች ቀን እራት አልበላችም።

መፍትሔው ካሜራ ነው ተባለ። አክስቴ ሰፈር ኢንተርኔት ቤት አለ፤ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብሩክን ትወስደዋለች። ወረታ የነበረው አንድ ኢንተርኔት ቤት ግን ካሜራ አልነበረውም። ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሠራ የነበረው አባቴ ያገለገለ ኮምፒውተርና ካሜራ ከባሕር ዳር አመጣ፤ ለሰፈራችሁ የሚሆን የስልክ መስመር አልቋል ሲባል ደግሞ "የቸገረው እርጉዝ ያገባል" ብሎ ጋሽ ሙሉን ለመናቸው። ጋሽ ሙሉ "ይሁና" አሉ፤ ለእሳቸው ይህ ረጅም ንግግር ነው። ቀጭን ገመድ የውኃ ጎማ ውስጥ ተከቶ፣ በአጥሩ ላይ ተንጠላጥሎ ከእሳቸው ኮምፒውተር ወደ እኛው ተዘረጋ። ኢንተርኔቱ በስልክ መስመር እነሱ ቤት ይገባል፣ በጋሽ ሙሉ ኮምፒውተር ውስጥ ያልፋል፣ በገመዱ እኛ ጋ ይደርሳል። የእሳቸው ካልበራ የእኛው ባዶ ሣጥን ነው። ዘመኑ ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት ተደራጅ የሚባልበት ስለነበር፣ ሰፈርተኛው ገመዳችንን "አንድ ለአንድ" እያለ ይስቅብን ነበር።

ታዲያ ተዘረጋ ማለት ሠራ ማለት አይደለም። በየእሑዱ አንድ ነገር ይጎድላል። ጋሽ ሙሉ ከወንበራቸው አይነሡም፣ መጮኽም አይሆንላቸውም፤ ስለዚህ እትዬ ውባለም አጥሩ ሥር ቆመው የባላቸውን ቃል ወደ እኔ፣ የእኔን ወደ ባላቸው ያመላልሱ ነበር። "አረንጓዴው መብራት ይርገበገባል ወይ ይልሻል!" "ገመዱን ንቀይና መልሰሽ ሰኪው ይልሻል!" የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ አያውቁትም፣ ግን አንዲት ቃል አይጥሉም። በደጅ የሚያልፍ የባጃጅ ሹፌር ሳይጠየቅ "ይርገበገባል እትዬ" ብሎ ይመልስላቸዋል። እሳቸውም ሥራቸውን ሳያቋርጡ "አንተ ደሞ መንገድህን እይ" ይሉታል። በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ የብሩክ ፊት ሲመጣ "መጣ" እላለሁ፤ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ እያየችው እንኳ እትዬ ውባለም "መጣልሽ!" ብለው ያበሥሯታል።

ከዚያ ቤቱ ጸጥ ይላል። እናቴ የትምህርት ቤቱን ምልክት አታውቅም ነበር፤ በየእሑዱ እሱ ያስተምራታል፣ ስትሳሳት ይስቅባታል። ምስሉ ይንቀራፈፋል፤ እጁ ከፍ ብሎ ይቀርና ድንገት ወርዶ ይገኛል። የጎደለውን እሷ ራሷ ትሞላዋለች። ሌላ ሰው ቢያያቸው ዝም ብለው ተፋጠዋል ይላል፤ እኔ ግን የዚያን ያህል የሚያወሩ እናትና ልጅ አይቼ አላውቅም።

በሁለተኛው ዓመት ታኅሣሥ ላይ፣ ሩዙ ጎተራ ሲገባ አይጡም አብሮ ገባና ገመዱን በላው። አባቴ ደብረ ታቦር ግምገማ ላይ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ግምገማ የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ ደግሞ ማንም አያውቅም። ሁለት እሑድ አለፈን። በሁለተኛው ማግስት አክስቴ በእናቴ ሞባይል ደወለች። ብሩክ ምግብ ትቷል። "እናቴ ሞታለች፣ ደብቃችሁኝ ነው" ብሏል። አክስቴ የእናቴን ፎቶ ብታሳየው ገፋው።

"ፎቶማ የሞተም ሰው አለው ይለኛል" አለች አክስቴ። "እኔ ምን ልበለው?"

እናቴ ያን ጊዜ የጡት ልጅ ታቅፋ ነበር፤ ልሂድ ብትልም ያን መንገድ ከነሕፃኑ የሚሞክረው የለም። "እሑድ ታገኛታለህ በይው" ብላ ዘጋች። ለእትዬ ውባለም ስትነግራቸው አብረው አለቀሱ።

አባቴ ሐሙስ ተመልሶ ገመዱን ቀጠለው። ዓርብ ጎሕ ሲቀድ የእትዬ ውባለም ጩኸት ቀሰቀሰን። ጋሽ ሙሉ እንደተኙ ቀርተዋል።

ቅዳሜ ተቀበሩ። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ሬዲዮ አይከፈትም፣ ቴሌቪዥን አይከፈትም፤ የሞተበት ቤት ብቻ ሳይሆን ጎረቤትም ይዘጋል። መፈልፈያው እንኳ የቀብሩን ቀን ዝም ብሎ ዋለ። የጋሽ ሙሉን ኮምፒውተር ዘመዶች ከነዳንቴሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረውታል። እናቴ እዚያው ዋለች፤ አለቀሰች፣ አበላች፣ አጠጣች፣ ስለ እሑድ ግን ትንፍሽ አላለችም። ማታ አባቴ "ብንጠይቃቸውስ?" ቢላት "ሐዘንተኛ ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ክፈቱልኝ ልበል? ነውር አታውቅም?" አለችው። ነውር ያውቃል። ልጁም እህል አልቀመሰም። ሁለቱም እውነት ነበር።

እሑድ ጧት እንዲያው ምናልባት ብዬ ኮምፒውተራችንን አበራሁና ከእናቴ ጋር ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ፣ ቤት ውስጥ ሴቶቹ ተቀምጠዋል። እትዬ ውባለም ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ምንጣፍ ላይ ነበሩ። ያ ድምፅ የለም፤ ሲያለቅሱ ሰንብተው ጉሮሯቸው ተዘግቶ የቀራቸው ሹክሹክታ ነው። እናቴን ሲያዩ በእጃቸው ጠሯት።

"ዛሬ እሑድ አይዶል?" አሏት።

"ተዉት እትዬ፣ ይደርሳል" አለች እናቴ መሬት መሬት እያየች።

"ልጁስ፣ በላ?"

እናቴ መዋሸት አቃታት፤ እንባዋ ቀደማት። እትዬ ውባለም እጃቸውን መሬት አስደግፈው ተነሡ። ወደ ኮምፒውተሩ ማምራታቸውን ያዩት የጋሽ ሙሉ እህት ቆጣ አሉ፦ "ውባለም፣ ምን ነካሽ? ወንድሜ ትናንት አፈር ገብቶ ዛሬ የሱን ነገር ልትከፍች ነው? አገሩስ ምን ይላል?"

እትዬ ውባለም ስክሪኑን ከግድግዳው መልሰው፣ ዳንቴሉን ገልጠው አጠፉትና በዚያ በተዘጋ ጉሮሮ መለሱላቸው። "እታለም፣ በሐዘን ቤት ነውሩ ድምፅ ነው። የዚህ ልጅ ጨዋታ ድምፅ የለውም። እሱም አይሰማን፣ እኛም አንሰማው።"

የጋሽ ሙሉ እህት "እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ" አሉ። ክፉ አልነበሩም፤ ወንድማቸው ሞቶባቸው ነው።

እትዬ ውባለም ከዳንቴሉ በቀር ያን ዕቃ ነክተውት አያውቁም። ማብሪያውን ግን ያውቁታል፤ ጋሽ ሙሉ መስመሩን ለመጥራት የሚጫኑትንም በየእሑዱ አይተዋል። እኔ ሮጬ ቤት ገባሁ፣ እናቴም ተከተለችኝ። ስክሪናችን ላይ ምንም የለም። ወደ አጥሩ ወጣሁ። ድሮ ቃል የሚያመላልሱልኝ ሰው አሁን ወንበሩ ላይ ናቸው፣ ድምፅም የላቸውም። ወዲያው እትዬ ውባለም በድንኳኑ መሐል አልፈው ወደ አጥሩ መጡ፤ ወንዶቹ አንገታቸውን አቅንተው ያዩዋቸዋል። ጣቶቻቸውን እርግብ እርግብ አደረጉልኝ፦ መብራቱስ? እኔም መጮኽ አፍሬ ጣቶቼን አርገበገብኩ። ተመለሱ። ደግመው መጡና ነቅለሽ ሰኪው አሉኝ፣ በእጃቸው። ነቅዬ ሰካሁ፣ የለም።

ሲመላለሱ ማየት የዕድሩን ዳኛ አላስቻላቸውም። ከድንኳኑ ተነሥተው ጋቢያቸውን አጣፉና "እርስዎ ይቀመጡ፣ እኔ አደርሳለሁ" ብለው አጥሩ ሥር ቆሙ። ከዚያ እትዬ ውባለም በመስኮት ለዳኛው በእጅ፣ ዳኛው ለእኔ በእጅ። የተከበሩ ሽማግሌ ለቅሶ ቤት ቆመው ጣታቸውን ሲያርገበግቡ ማየት ሌላ ቀን ቢሆን ያስቀኝ ነበር።

በመጨረሻ እትዬ ውባለም አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ጋሽ ሙሉ ዘወትር ከመጀመራቸው በፊት "የእነሱ ጠፍቶ ይቆይ፤ መጀመሪያ የእኛ ይነሣ" እያሉ ያስነግሯቸው ነበር። እኔ ደግሞ ይህን ረስቼ የእኛን ከጧት ጀምሬ አብርቼዋለሁ። የእኛው ቀድሞ ከተነሣ የሚያልፍበትን መንገድ ሳያገኝ ይቀራል፤ ምክንያቱ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። እትዬ ውባለም መስኮቱ ላይ ብቅ ብለው እጃቸውን ጨበጡ፣ ጥቂት ቆዩ፣ ከዚያ ፈቱት። ዳኛውም ጨበጡ፣ ፈቱ። አጥፊው፣ እንደገና አብሪው። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ብሩክ መጣ።

ጉንጩ ገብቷል። እናቴን ሲያይ አልሳቀም፣ አላለቀሰም። ክንድሽን አንሺ አላት፤ አነሣች። ምላስሽን አውጪ አላት፤ አወጣች። ፎቶ አለመሆኗን ሲያረጋግጥ ነበር። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

ቀና ሲል የተዘቀዘቀ ነጠላዋን አየ። ማን ሞተ? ብሎ ጠየቃት። የእናቴ እጅ ታሠረ። መርዶ በእኛ አገር በሽማግሌ ነው የሚነገረው፣ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ። ለብሩክ ማን ይንገረው? ዘወር ስል እትዬ ውባለም በራችን ላይ ቆመዋል። ሐዘንተኛ ከቤቱ አይወጣም የሚለውን ትተው፣ ሠርቶ እንደሆነ ሊያዩ መጥተዋል። እናቴ አጠገብ ተቀመጡ። ጣቶቻቸውን አክበው እንደ መነጽር ዓይናቸው ላይ አደረጉ፤ ብሩክ ጋሽ ሙሉን የሚጠራው እንደዚያ ነው። ቀጥለው መዳፋቸውን ጉንጫቸው ላይ አስተኙና ወደ መሬት አመለከቱ። የባላቸውን መርዶ ራሳቸው ነገሩት። ብሩክ እንደ ትልቅ ሰው ደረቱን መታ። አብረው አለቀሱ፤ እሳቸው ድምፅ አልቆባቸው፣ እሱ ድምፅ የሚባል ነገር ሳያውቅ። እኔ ጥግ ቆሜ ነበር፤ እንደዚያ ቀን ሰው ወድጄ አላውቅም።

ሊዘጋ ሲል ብሩክ እትዬ ውባለምን "ሳምንትስ?" አላቸው። ጋሽ ሙሉ የሉም፣ ማን ይከፍትልኛል ማለቱ ነው። እሳቸውም እጃቸውን ጨበጡና ፈቱለት፣ ከዚያ ደረታቸውን ነኩ። እኔ። አመሻሽ ላይ አክስቴ ደወለች። ብሩክ ጠግቦ በልቶ ተኝቷል።

እትዬ ውባለም ብሩክ ትምህርቱን እስኪጨርስ ድረስ እሑድ እሑድ ከፈቱለት። በዚያ ኮምፒውተር ሌላ ነገር ልሥራ ብለው አያውቁም፤ ማመልከቻ ጻፉልን የሚሏቸውን "እኔ የማውቀው እሑድን ነው" ብለው ይመልሷቸው ነበር። አሁን ካረፉ ቆይተዋል።

ብሩክ ዛሬ ባሕር ዳር መስማት የተሳናቸውን ልጆች ያስተምራል። ቤተሰቦቻቸው ገጠር የሆኑ ልጆች አሉት፤ እሑድ እሑድ በስልኩ ከእናቶቻቸው ጋር ያገናኛቸዋል። ባለፈው እሑድ እሱ ዘንድ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት ትንሽ ልጅ መጥታ ሹራቡን ጎተተችውና እጇን ጨብጣ ፈታችለት። ክው አልኩ። ያ የእትዬ ውባለም ስም ነው፤ ብሩክ ከዚያ እሑድ ወዲህ በሌላ ጠርቷቸው አያውቅም።

"ምን አለችህ?" አልኩት በእጄ።

"እናቴን አሳየኝ አለች" አለኝ። "ከእኔ ወስደውት ነው። ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት።"

ልጅቱ አንበሳሜ ከሚባል አገር የመጣች ናት፤ እትዬ ውባለምን አይታቸው አታውቅም። ብሩክ ስልኩን አውጥቶ ከፈተላት።