በድንኳኑ የሞላው ምልዓተ ጉባኤ

የኮንዶሚኒየማችን ማህበር ጠቅላላ ጉባኤ፣ እኔ እስከማስታውሰው ድረስ፣ አንድም ጊዜ ሞልቶ አያውቅም ነበር። ሊቀመንበሩ በየብሎኩ መግቢያ ማስታወቂያ ይለጥፋሉ፤ እሑድ ጠዋት በብሎኮቹ መሀል ባለው ሜዳ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ይደረደራል፤ የሚመጡት ግን ኮሚቴዎቹ፣ ሁለት ጡረተኞች፣ እኔና አባቴ ነን። ደንቡ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ካልተገኙ ምንም መወሰን አይቻልም ይላል። ስለዚህ ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ ወረቀታችንን እያገላበጠ ትንሽ ቆይተን እንበተናለን።

እኔና አባቴ አባል አልነበርንም። ተከራይ ነን። አባል የሚባለው የቤቱ ባለቤት ነው፤ ተከራይ ተቀምጦ መስማት ይችላል፣ እጅ ማውጣት አይችልም። እኔ የምገኘው ሊቀመንበሩ፣ "አንቺ ዩኒቨርሲቲ የጨረስሽ ልጅ ነሽ፣ ጽሕፈትሽም ያምራል፤ ቃለ ጉባኤ ያዢልን" ስላሉኝ ነው። እምቢ ማለት አልችልበትም። አባቴ ግን የሚመጣው ወዶ ነው። ዕድሜውን ሁሉ በገጠር ትምህርት ቤት ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ሲወጣ እኔ ዘንድ መጣ፤ የሚያርመው ደብተር ሲያጣ የማህበሩን መተዳደሪያ ደንብ ማረም ጀመረ። አንድ እሑድ ስለ ውሃ ፓምፑ መናገር ሲጀምር ሊቀመንበሩ አቋረጡት።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎ ድምፅ የለዎትም።"

"ጆሮ አለኝ። የሚሰማ ነገር ነው ያጣሁት" አላቸው።

ጡረተኞቹ ሳቁ። ሊቀመንበሩ አልሳቁም።

አባቴ በክረምቱ መጨረሻ፣ አንድ ሐሙስ ሞተ። ዓርብ እንጦጦ ማርያም ቀበርነው። እድሩ ተከራይና ባለቤት አይለይም፤ ድንኳኑን አምጥቶ ሜዳው ላይ ተከለ። ማታ ያስተምርበት ከነበረው አገር የድሮ ተማሪዎቹ ደወሉ። ለቀብሩ አልደረሱም፤ መኪና ተከራይተው እሑድ ለሠልስት እንመጣለን አሉኝ። አባቴ ከእኔ ሌላ የእኔ የሚለው እነሱን ነበር፤ ዛሬ ሽማግሌ የሆኑትን ሁሉ በተማሪነት ቅጽል ስማቸው ነበር የሚጠራቸው። ሰፈራችን ውስጥ ብሎኩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ለቆ የወደቀ ብዙ ነው። ስለዚህ፣ "ድንኳን የተተከለበት ግቢ ግቡ" አልኳቸው።

ጎረቤቱ በሙሉ መጣ። በጉባኤ ቀን መስኮት የማይከፍቱ ሰዎች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መጡ። ቅዳሜ ከሰዓት ድንኳኑ ጢም አለ። ንፍሮ እየዞረ ነበር። ሊቀመንበሩ ከፊት ለፊቴ ተቀምጠው ዓይናቸው ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ ሲሄድ፣ ከንፈራቸው በዝግታ ሲንቀሳቀስ አየሁ። የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር። እየቆጠሩ ነበር።

ቆባቸውን አወለቁና ተነሡ።

"ነፍሳቸውን በአብርሃም በይስሐቅ አጠገብ ያሳርፍልን።"

አሜን አልን።

"ውድ ነዋሪዎች፣ ምልዓተ ጉባኤ አጥተን ስንት ጊዜ እንደተንገላታን ታውቃላችሁ። ዛሬ ሐዘኑ ሰብስቦን ሞልቷል። ሁለት አጀንዳ ብቻ ነው፤ አናስረዝምም።"

ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ወጣት ጠበቃ፣ "ለጉባኤ እኮ ጥሪ መደረግ አለበት" አለ።

"ጥሪውማ በር ላይ ተለጥፎ ዝናብ አጠበው። ሌላ ምን ጥሪ ትፈልጋለህ፣ የጥሩንባ?"

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ አይዞሽ። እግረ መንገድሽን ቃለ ጉባኤውን ያዢልን።" አንድ ሰው እስክሪብቶ አቀበለኝ። ያዝኩት።

የፓምፑ ጉዳይ አባቴ ሊለው በነበረው መንገድ ቶሎ አለቀ። ሁለተኛው የሜዳው ነበር። ሊቀመንበሩ እንዳስረዱት ሜዳው የጋራ መጠቀሚያ ነው፤ የጋራ ማለት የአባላት ማለት ነው፤ ስለዚህ አባል ላልሆነ ሰው ለድግስም ሆነ ለለቅሶ አይፈቀድም፣ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል።

በቀብሩ ላይ ሁለት ሰው ደግፏት ስትጮህ የነበረችው የምድር ቤቷ ሴትዮ፣ "እኔ ከዓርብ ጀምሮ መኪናዬን ጉርድ ሾላ ነው የማሳድረው" አለች። "ነፍሳቸውን ይማር እንጂ፣ እሳቸውን ማለቴ አይደለም።"

ከሱሉልታ የመጣችው አክስቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በኦሮምኛ ምን እያሉ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስለ ውሃ ነው አልኳት።

"የምትደግፉ እጅ አውጡ" ተባለ። እጆቹ ከነጠላው ሥር እየወጡ ወደ ላይ ተነሡ። አንዱ ንፍሮውን እንደጨበጠ ነው ያነሣው። የምቆጥረው እኔ ነበርኩ፤ ቆጠርኩ፤ ጸደቀ።

ያኔ ጠበቃው፣ "ይሄኛው ድንኳን ግን ከውሳኔው በፊት የተተከለ ነው። ሕግ ወደ ኋላ አይሠራም" አለ።

"ወደ ኋላ ማን ወሰደው?" አሉ ሊቀመንበሩ። "ነገ እኮ ወደ ፊት ነው።"

ሳቅ ተሰማ። ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ያላቸው አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

ተነሣሁ። በሕይወቴ ብዙ ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። "ነገ ሠልስት ነው" አልኩ። "ተማሪዎቹ ከሩቅ ይመጣሉ። ሰፈሩን አያውቁትም። በድንኳኑ ነው የሚያገኙን። እስከ ነገ ማታ ብቻ..."

"ልጄ፣ ሐዘንሽ ሐዘናችን ነው" አሉ ሊቀመንበሩ። "ግን ድምፅ የለሽም። ተቀመጪና ቁጠሪ።"

ተቀመጥኩና ቆጠርኩ። ድንኳኑ ከምሽቱ በፊት እንዲነሣ የሚደግፈው በዛ። ከሐሙስ ጀምሮ እኛ ቤት ስታድር የነበረችው ጎረቤቴ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች፤ ያነሣችውን እጅ አውርዳ ትከሻዬን በእሱው ጫን አደረገችኝ። ጠበቃው የልዩነት ሐሳቤ ይስፈርልኝ ብሎ ስሙን ፊደል በፊደል አስጻፈኝና ኳስ ሊያይ ሄደ።

የእድሩ ሰዎች እያጉረመረሙ ድንኳኑን ነቀሉ። አክስቴ ሠልስቱ ያለፈ መስሏት፣ "ቀን ተሳሳትን እንዴ?" አለች።

እሑድ ሁሉም ተመልሰው መጡ። ቤታችን ስለማይበቃ ከደጃችን እስከ ምድር ድረስ ደረጃው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። የምድር ቤቷ ሴትዮ የምስር ወጥ ይዛ ወጣች፤ እኔን ስታይ ደረቷን እየመታች፣ "ወይኔ አባትዬ፣ ድንኳን እንኳ ሳይኖራቸው!" ብላ አለቀሰች። የምሯን ነበር። እንባዋ እጄ ላይ ወርዷል። ሊቀመንበሩም መጥተው ከታች አራተኛው ደረጃ ላይ፣ ሰው እንዲያልፍ እግራቸውን ሰብስበው፣ እስኪመሽ ተቀመጡ። በመስኮት ወደ ሜዳው አየሁ። ድንኳኑ የነበረበት ቦታ መኪና ሞልቶታል።

ተማሪዎቹ አልመጡም። ሲመሽ እነሱም ረሱት ብዬ ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት አንዱ ደወለልኝ። ድምፁ የሽማግሌ ነው።

"ስልክሽ አልሠራ አለን" አለኝ። "ከሰፈር ሰፈር ስንዞር ዋልን። አንዱ ግቢ በር ላይ ዘበኛውን ለቅሶ ቤት አለ ወይ ብለን ጠየቅነው። እሱም ሜዳውን አሳየንና፣ ድንኳን ይታያችኋል? አለን። መኪና ብቻ ነበር። ሹፌሩ ይመሽብኛል ስላለ ተመለስን።"

ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

"ድንኳን ያለበት ብለሽን አልነበር፣ እህቴ?"