ያላንኳኳነው በር

ፉሪ ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ ማታ ማታ ቤቱ ሲጨልም መጀመሪያ የምናደርገው በአጥር አሻግሮ የጎረቤትን መስኮት ማየት ነበር። ጎረቤትም ከጨለመበት መብራት ሄዷል ማለት ነውና እፎይ ብለን ሻማ እንፈልጋለን። የጎረቤት መስኮት በርቶ ከታየ ግን ያጠፉት አከራያችን ናቸው። የሰርቪስ ቤቶቹ ማጥፊያ እሳቸው ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ነው ያለው። አንድ ጣት ይበቃቸዋል።

ምክንያቱን አይናገሩም። ካውያ ሰክተን ሊሆን ይችላል። እንግዳ አምሽቶብን ሊሆን ይችላል። ከጎኔ ያለችው ተከራይ የቤተክርስቲያን ዘማሪ ናትና መዝሙር ስትለማመድ ድምጿ ከፍ ብሎ ሊሆንም ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ምንም አላደረግንም። ያም ሆነ ይህ ሄደን በራቸውን እናንኳኳና "እትዬ፣ ይቅርታ፣ ምን አጠፋን?" እንላለን። ትንሽ ያስጠብቁናል፣ ትንሽ ይመክሩናል፣ ከዚያ ያበሩልናል። እኛም እናመሰግናለን! ኪራዩን የከፈልነው እኛ፣ ምስጋናው ለሳቸው።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ እንደገባሁ እንደማንኛውም ተማሪ ሳይኮሎጂ ወስጃለሁ፤ ዘንግ ስትጫን ምግብ የሚወርድላትን አይጥ አውቃታለሁ። ሽልማት ያስከተለ ድርጊት ይደጋገማል፣ ቅጣት ያስከተለ ይቀንሳል። ይህን ሸምድጄ ጥሩ ውጤት አምጥቼበታለሁ። አይጧ እኔ ራሴ መሆኔን ለማየት ግን ጊዜ ፈጀብኝ። ካውያ መሰካት ትቼ በተጨማደደ ሸሚዝ ክፍል መግባት ጀምሬ ነበር። ጓደኞቼን "እኔው እመጣለሁ፣ እናንተ አትልፉ" እላቸዋለሁ። ዘማሪዋም መዝሙሯን በሹክሹክታ ታጠናለች። ቅጣቱ በየትኛው ጥፋት እንደሚመጣ ብናውቅ ኖሮ ያንን ብቻ እንተው ነበር፤ ስላላወቅን ሁሉንም ተውን።

እናቴ ለዓይኗ ሕክምና ከሆሳዕና የመጣችው ያኔ ነው። ሞራው ተነስቶላት እስከ ቀጠሮዋ ድረስ እኔ ዘንድ መቆየት ነበረባት። እናቴ ስታወራ ጎረቤት ይሰማል፣ ስትስቅማ መንደሩ በሙሉ ይሰማል። ዕድሜዋን ገበያ መሀል ቅቤ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት፤ ድምጿን ለማንም ዝቅ አድርጋ አታውቅም። በመጣች ማግስት ምሽት እየሳቀች ሳለ መብራቱ ድርግም አለ። የጎረቤት መስኮት በርቷል። ሮጬ አንኳኳሁ፣ ለመንኩ፣ በራልን። እናቴ ሁሉንም ታይ ነበር።

በቀጣዩ ምሽት እራት ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አጫወትኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ሳቋን ዋጠችው።

"ቀስ በይ ልጄ፣ ሴትዮዋ ይሰማሉ" አለችኝ በሹክሹክታ።

ደሜ ፈላ። እኔን ለማሰልጠን ወራት የፈጀባቸው ሴትዮ እናቴን በአንድ ምሽት ጨረሷት! ማጥፊያውን ጠላሁት፣ ሳሎናቸውን ጠላሁት፣ ሮጦ የሚያንኳኳውን የራሴን እጅም ጠላሁት።

ሳህን ሳጥብ ነገሩ ገባኝ። ለቁጠባ ቢሆን ኖሮ እስኪነጋ ባጠፉት ነበር። የሚያጠፉት እኛ እስክንሄድ ድረስ ነው። ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል፣ ሳሎኑ ባዶ ነው፤ ባጠፉ ቁጥር ግን በራቸው ይንኳኳል፣ "እትዬ" እያለ የሚለማመጥ ሰው ይቆምላቸዋል። ዘንጉን የሚጫኑት እሳቸው ነበሩ፣ ምግቡን የምናወርደው እኛ። ሊያሳዝኑኝ ይችሉ ነበር፤ አላሳዘኑኝም። ብቸኝነት የሰው እናት አፍ ለማፈን ፈቃድ አይሆንም።

ለዘማሪዋ "ከእንግዲህ ቢያጠፉ አናንኳኳም" አልኳት።

"ካላበሩስ?"

"በጨለማ እንበላለን።"

ፈራች፤ ግን እሺ አለች። በማግስቱ አመሻሽ ላይ ሆን ብዬ ካውያ ሰካሁ። ጠፋ። ሻማ ለኮስን፣ ዘማሪዋም ድስቷን ይዛ እኛ ቤት ገባች። ጥቂት ቆይቶ በራ፣ ወዲያው ጠፋ። ደግሞ በራ፣ ደግሞ ጠፋ። ይህንንም ተምሬዋለሁ፤ የለመደው ሽልማት የቀረበት ፍጡር ከመተዉ በፊት ይብስበታል። እናቴ "ኧረ ሂጂና ለምኚያቸው" አለች። አልሄድም አልኳት። ውሃውንም ዘጉት። አልሄድኩም። በመጨረሻ ግቢው ውስጥ ኮቴ ተሰማ፣ ደጃችን ላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሰው የለም እንዴ?"

"አለን እትዬ፣ እራት እየበላን ነው" አልኩ ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ።

ኮቴው ተመለሰ፣ መብራቱም በራ፣ ውሃውም ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ምሽቶች ሞክረው ማንም ሳይመጣ ሲቀር ተዉት። ዘማሪዋ ድምጿን አወጣች። እናቴ ግን አሁንም ነጠላዋን አፏ ላይ ትጭናለች። አንድ ጊዜ የተቀጣ ሰው ቀጪው ከተወ በኋላም ራሱን ሲቀጣ ይኖራል፤ ከሁሉ ያንገበገበኝ ይኸው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አከራያችን በሬን አንኳኩ።

"ቤቱ ለዘመድ ተፈልጓል። ወሩ ሲያልቅ ትለቂያለሽ" አሉኝ።

የቀራቸው ትልቁ ቅጣት ይህ ነበር። በዚህ ከተማ ቤት ፍለጋ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

"እሺ እትዬ" አልኳቸው።

አልሄዱም። እንድለምናቸው እየጠበቁ ደጃፉ ላይ ቆሙ። እኔም ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ቆምኩ።

"ልጄ!" አለች እናቴ ከውስጥ፣ ቅቤ ገበያ ላይ ሰው በምትጠራበት ድምጿ። "ሴትዮዋ ጨርሰው ከሆነ በሩን ዝጊው፣ ብርድ ገባብን!"

ደህና ይዋሉ ብዬ ዘጋሁት።